ሜኑውን ማን ይንካው? ደሴና ኮምቦልቻ በፕሮጀክተር የተከራከሩበት ክር

ሰሞኑን የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች በምንጽፍበት የቴክኖሎጂ መድረክ ላይ አንድ ክር፣ ማለት አንድ ጥያቄና ተከታታይ መልሶቹ፣ ተከፍቶ ነበር። ሲጀመር ስለ አንዲት የሪሞት ቁልፍ ነው፤ መሃል ላይ ስለ አየር መሳሳት፣ ስለ ሙሽራ ፊትና ሁለቱን ከተሞች ስለሚያገናኘው የሐረጎ መንገድ ሆነ። ሁሉንም ገልብጬ አላመጣውም። ማን ምን እንዳለ በተራ እየነገርኩ አልፋለሁ፤ የሚያናድደኝ ቦታ ስደርስ ግን ዝም አልልም።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጠያቂው ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር መምህር ነው። የአዳራሻቸው ፕሮጀክተር ድሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እንዳይሰረቅ ተብሎ ኮርኒስ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። ከላፕቶፕ ወደ ሪሲቨር መቀየር ሲፈለግ አንድ ተማሪ ዴስክ በዴስክ ላይ ደርቦ ይወጣል፣ የላፕቶፑን ገመድ ይነቅላል፣ የሪሲቨሩን ይሰካል። ታች ያለው ዴስኩን ይዞ ቀስ በል እያለ ይጮኻል። ምስሉ ደግሞ ተዘቅዝቋል። ለላፕቶፑ መላ አግኝተውለታል፤ ከዊንዶውስ ላይ ስክሪኑን ገልብጠው ያሳያሉ። ሪሲቨሩ ግን አይገለበጥም። ዜና አንባቢው በአናቱ ተተክሎ ዜናውን ያነባል፣ ተማሪው አንገቱን ጠምዝዞ ያያል።

ጥያቄው ገመድ ሳይነቀል መቀየር ይቻላል ወይ የሚል ነው። እስከዚህ ጥሩ። ቀጥሎ ግን ምስሉን የዘቀዘቀው ሜኑ ውስጥ ገብቶ የነካካ ተማሪ መሆኑን በእርግጠኝነት ተናገረና፣ ፕሮጀክተር ያለው ሰው ሁሉ ሜኑውን ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወው፣ ለልጅ ሪሞት አይሰጥ ብሎ ዘጋ። ይህችን ባይጨምር ክሩ 3ኛው መልስ ላይ ያልቅ ነበር።

መልስ 1

በጣም ጨዋ ሰው ነው። መምህሩን ሰላም ብሎ፣ ለድካሙ አመስግኖ ጀመረ። ሁለቱም ገመድ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይቀመጥ፤ ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ 1 ላይ፣ ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ 2 ላይ። ሁለተኛ ኤችዲኤምአይ ከሌለው ላፕቶፑ በቪጂኤ፣ በድሮው የምስል መሰኪያ፣ ይግባ፤ ቪጂኤ ድምፅ ስለማያስተላልፍ ግን ድምፁ በሌላ ገመድ ይምጣ። ከዚያ ሪሞቱ ላይ ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለውን፣ ምስሉ ከየትኛው ቀዳዳ እንደሚመጣ የሚመርጠውን ቁልፍ፣ መጫን ነው። አንዳንዱ ላይ ዝርዝር ይመጣል፤ አንዳንዱ በተጫኑት ቁጥር ወደ ሚቀጥለው ይዘላል። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስሞች ከማሽኑ ጀርባ ቀዳዳዎቹ ላይ ከተጻፉት ጋር አንድ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባውን በሞባይል ፎቶ አንሱት ይላል። ይህች ምክር ቀላል ትመስላለች እንጂ ኮርኒስ ላይ ለተሰቀለ ማሽን ወርቅ ናት።

መልስ 2

ይኸኛው ተማሪውን ነጻ አወጣው። ፕሮጀክተር ኮርኒስ ላይ ሲሰቀል ራሱ ተገልብጦ ነው የሚንጠለጠለው፤ ምስሉም አብሮ ይገለበጣል። ማንም አልነካካውም። እንዲያውም ችግሩ ማንም አለመንካቱ ነው። ሜኑ ውስጥ ፕሮጀክሽን የሚል ቦታ አለ፤ ከፊት የሚለውን ከፊት ሆኖ ከኮርኒስ ወደሚለው መቀየር ብቻ ነው። ኤፕሰን የሚባለው ኩባንያ በሠራቸው ብዙ ፕሮጀክተሮች ላይ ሜኑ እንኳ ሳይከፈት፣ ሪሞቱ ላይ ኤቪ ሚዩት የሚለውን ቁልፍ 5 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ከኋላ የሚለውን በስህተት የመረጠ ሰው ጽሑፉ በመስታወት እንደታየ ወደ ግራ ስለሚዞርበት እንዳይደነግጥም አስጠነቀቀ።

መልስ 3

ሁሉም ትርፍ ወሬ ነው፣ ገመድ ቀይሩ። ይኸው ነው መልሱ። እኛ ሀገር ምስል ከጠፋ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ገመድ ነው፤ ቀጥሎ መብራት ኃይል። እውነት ለመናገር ረጅም ኤችዲኤምአይ ገመድ ርካሽ ከሆነ ሲግናል ይጥላል፤ ከኮርኒስ እስከ መድረክ ደግሞ ረጅም ነው። ስለዚህ ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ አነጋገሩ ነው የከፋው።

መልስ 4

አጭር ናት፣ ግን ጠቃሚ። ሶርሱ ትክክል ሆኖ ኖ ሲግናል ካለ ጥፋቱ ከላፕቶፑ ሊሆን ይችላል። ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የፒ (P) ፊደልን አንድ ላይ ተጭኖ ዱፕሊኬት የሚለውን መምረጥ ነው። ኤክስቴንድ ላይ ከሆነ ግድግዳው ላይ ባዶ ዴስክቶፕ ብቻ ይታይና ሰው ፕሮጀክተሩን ይራገማል።

መልስ 5

እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። ጸሐፊዋ ኮምቦልቻ የምታስተምር መምህርት ናት፤ በመክፈቻው ጽሑፍ በግልጽ ተናዳለች። ሜኑ አትንኩ ማለት መጽሐፍ አትግለጡ ማለት ነው ትላለች። እሷ ክፍል ውስጥ ሪሞቱን የሚይዙት ተማሪዎች ናቸው፤ ማሽኑ የሶርስ ስም መቀየር ስለሚፈቅድም ዝርዝሩ ላይ ላፕቶፕ፣ ሪሲቨር፣ ካሜራ ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈውበታል። ማንም አይሳሳትም።

ያጠፋችው አንድ ነገር ግን አለ፤ አውቶ ሶርስ የሚለውን። ይህ ሲበራ ማሽኑ ሲግናል ያለበትን ቀዳዳ ራሱ እየፈለገ ይገባል። ነገርየው ሸጋ ነው። ችግሩ የመጣው በወላጆች ቀን ነው። ርዕሰ መምህሩ የውጤት ሰንጠረዥ እያስረዱ ሲረዝምባቸው ላፕቶፑ ተኛ። ፕሮጀክተሩ ሲግናል ሲያጣ ዘሎ ሪሲቨሩ ላይ ገባ። ሪሲቨሩ ላይ ኳስ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ፊታቸው ወደ ወላጆች ስለሆነ አላዩም፤ ስለ ሒሳብ ውጤት መውደቅ ሲናገሩ ወላጁ ጎል ብሎ ተነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶ ሶርስ ጠፍቶ ነው የሚኖረው።

መልስ 6

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ኳስ የሚያሳይ ልጅ ነው። በመምህርቷ ታሪክ መሳቁን ጻፈና አውቶ ሶርስ አይጥፋ አለ። እሱ ቤት መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ወንበር ላይ ወጥቶ ሶርስ የሚመርጥ ሰው የለውም። እንዲያውም ሜኑ ውስጥ ዳይሬክት ፓወር ኦን የሚለውን አብርቷል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ ሪሲቨሩን ራሱ ያገኛል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። በመሃል አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ማሽኑ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንዳንዴ ራሱን ያጠፋል፣ ቮልቴጅ ነው መሰለኝ አለ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

መልስ 7

የኮምቦልቻ ጠጋኝ ነው፤ ምላሱ ስለት አለው። ዳይሬክት ፓወር ኦን ያበራ ሰው ላምፕ፣ የማሽኑን አምፖል፣ መግዛት የሚወድ ሰው ነው ብሎ ጀመረ። መብራት ማታ ጠፍቶ ሌሊት ሲመጣ ማሽኑ ይነሳል፤ ባዶ ቤት ውስጥ ለወንበር ፊልም ያሳያል። ጠዋት ባለቤቱ ሲመጣ ሙቅ ማሽን ያገኛል። ላምፑ ዕድሜው በሰዓት ነው፤ በኖርማል 5,000፣ ብርሃኑን በሚቀንሰው ኢኮ ሞድ 10,000 ሰዓት ገደማ የሚባልላቸው አሉ፤ የድሮዎቹ ከዚህም ያነሱ ናቸው። ስንት ሰዓት እንደነደደ ሜኑ ውስጥ ኢንፎ የሚለው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ማንም አያየውም።

መልስ 8 እና 9

የኳስ ቤቱ ልጅ ስሊፕ ሞድ አለ እኮ ብሎ መለሰ፤ ሲግናል ከሌለ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱን ያጠፋል። ጠጋኙ አልለቀቀውም። መብራት ሲመጣ ሪሲቨሩም አብሮ ይነሳል፤ ቻናል ያሳያል፤ ስለዚህ ፕሮጀክተሩ ሲግናል አለኝ ብሎ ሲነድ ያድራል። መፍትሔው ማታ ሲዘጋ ማሽኑን በሪሞት አጥፍቶ፣ ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቆ፣ ከዚያ ሶኬቱን መንቀል ነው። ዳኝነቱን ለጠጋኙ ሰጥቻለሁ።

መልስ 10

አዲስ ሰው ገባ፤ ያገለገለ ፕሮጀክተር ሊገዛ ነው። ኢንፎ ላይ የላምፕ ሰዓት 0 ይላል፣ ሻጩ ምንም አልሠራም ብሏል፣ ልግዛው ወይ? ጠጋኙ ሦስት ቃል ብቻ ጻፈለት፤ ሜኑው ውስጥ ይሰረዛል። ሌላ ሰው አፍታታው። ላምፕ ሲቀየር ሰዓቱን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ሪሴት የሚል ቦታ አለ፤ ላምፑን ሳይቀይርም መሰረዝ የፈለገ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ምስሉን እዩ። ነጩ ወደ ቢጫ ካደላ፣ ማጣሪያው አቧራ ከጠጣ፣ የሪሞቱ ቁልፎች ከደበዘዙ፣ ዜሮ የሚለው ዜሮ አይደለም።

መልስ 11

ለእኔ የክሩ ልብ ይህ ነው። ጸሐፊው ኮምቦልቻ ካምፓስ የሚማር የወሎ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ነው። መልስ 6ን መለስ ብሎ ጠቀሰና፣ ቮልቴጅ ላይሆን ይችላል አለ። ማሽኑ ሲጠፋ ቴምፕ የሚለው መብራት ብልጭ ይላል ወይ? ካለ ሙቀት ነው። ከዚያ ጠየቀ፤ ሃይ አልቲትዩድ የሚለውን ሞድ ስንቶቻችሁ አብርታችኋል?

ማንም። ስንት ዓመት ፕሮጀክተር የሠራ ሰው ያለበት ክር ውስጥ አንድም እጅ አልወጣም።

ብዙ ማኑዋሎች ከባህር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ካለፋችሁ ይህን ሞድ አብሩ ይላሉ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው አየር ሳሳ ማለት ከላምፑ ላይ የሚወስደው ሙቀት አነሰ ማለት ነው። ሞዱ ሲበራ ማራገቢያው በፍጥነት ይሽከረከራል፤ የጎደለውን በፍጥነት ያካክሳል።

መልስ 12

የኳስ ቤቱ ልጅ ይህን ተረት ለአውሮፕላን ነጂ ንገረው አለ። ደሴ ብርድ ነው፣ በክረምት ጉም ቤት ውስጥ ይገባል፣ ሰው ጋቢ ለብሶ ነው ኳስ የሚያየው፣ ሙቀት ከየት መጣ? ሞክሮ ሲያየው ደግሞ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸና መልሶ አጠፋው። ተማሪን በክላስ የተማረውን ሁሉ አታምጣ ብሎም ሸነቆጠው። ይህ የመጨረሻው አላስፈላጊ ነበር፤ ሰባት ሰው ላይክ ማድረጉ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

መልስ 13

ተማሪው ሳይቆጣ መለሰ። አደነቅኩት። ብርድና መሳሳት ለየብቻ ናቸው ይላል። ጦሳ ተራራ ላይ ስትወጣ ብርድ ቢሆንም ትንፋሽህ ያጥራል፤ ያጠረህ ቅዝቃዜ አይደለም፣ አየሩ ነው። ማሽኑም እንደዚያው። በዚያ ላይ የኳስ ቤት ሰው የሞላበት፣ መስኮቱ ብርሃን እንዳይገባ በብርድ ልብስ የተከደነ፣ ማሽኑ ደግሞ ሙቅ አየር የሚሰበሰብበት ኮርኒስ ሥር የተሰቀለ ነው። ውጭ ብርድ መሆኑ ምኑን ጠቀመው? ጨዋታው ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የሚቋረጠውም ሙቀቱ እስኪጠራቀም ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

መልስ 14

ጠጋኙ በሁለቱም ላይ ተነሳ። መጀመሪያ ማጣሪያውን ክፈቱ አለ። እሱ ጋ ለጥገና ከሚመጡት ሙቀት ካጠፋቸው ብዙዎቹ ማጣሪያቸው የታፈነ ነው፤ አቧራው ተነባብሮ እንደ ጨርቅ ተላጥቶ ይወጣል። ማጣሪያው ተዘግቶ ማራገቢያውን ማስጮህ ከንቱ ነው። ተማሪው ሁለቱም ይደረግ አለ። ጠጋኙ ቅደም ተከተል አለው አለ። እዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚከራከሩት ማን ቀድሞ ተናገረው በሚል ይመስለኛል።

ከመልስ 15 እስከ 21

ጠፋን። አንድ የኮምቦልቻ ሰው የከፍታው ጉዳይ የደሴዎች ጣጣ ነው፣ እኛ ቆላ ነን፣ አይመለከተንም ብሎ ቀለደ። ሌላ ሰው ወዲያው አረመው፤ ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ 1,500ን አልፋለች፣ ስለዚህ እናንተም አብሩት። ከዚህ በኋላ የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት፣ ሐረጎ ላይ የሚወርደው ጉም፣ የትኛው ከተማ ቡና ይጥማል የሚል ሆነ። አንዷ ስለ ሚኒባስ ታሪፍ ጻፈች። ይህን ሁሉ ዘልዬዋለሁ፤ የሚወድ ገብቶ ያንብብ።

መልስ 22

የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ የደሴ ፒያሳ ልጅ ክሩን ወደ ቦታው መለሰው። እሱን ያቃጠለው አስፔክት የሚለው ነው። አንድ ሰርግ ላይ የፎቶ ስላይድ ሲያሳይ ማሽኑ ሙሉ ስክሪን ሙላ የሚለው ላይ ነበርና፣ በ4 ለ3 የተነሳው ፎቶ ወደ ጎን ተለጠጠ። ሙሽሪት ሜካፑ ላይ ስንት ሰዓት ተቀምጣ የመጣች ልጅ፣ ግድግዳው ላይ ፊቷ ድፎ ዳቦ ሆኖ ስታየው አንገቷን ደፋች። እናትየው ቀሪ ሒሳብ ከልክለውት ነበር። አስፔክት አውቶ ወይም ኖርማል ላይ ቢሆን በጎንና በጎን ጥቁር ይቀር ነበር እንጂ ፊት አይለጠጥም። ኪስቶንንም አነሳ። ማሽኑ ጠማማ ሲቀመጥ ምስሉ ቆብ ይመስላል፤ በሜኑ ይስተካከላል፤ ግን ማስተካከያው ከምስሉ ላይ ፒክስል ቆርጦ ስለሚጥል ጽሑፍ ይደበዝዛል። መጀመሪያ ጠረጴዛውን አስተካክሉ፣ ሜኑ የመጨረሻ ነው ይላል። ጥሩ ሠራተኛ እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

መልስ 23 እና 24

በርካሽ የገዛችውን ትንሽዬ አንድሮይድ ፕሮጀክተር ሜኑ በቻይንኛ ሆኖባት የተቸገረች ልጅ ጠየቀች። አብሽሪ አላት አንዱ፤ ጥርስ ያለው ጎማ ምልክት ሴቲንግ ነው፣ እሱ ውስጥ የመሬት ሉል ወይም ኤ ፊደል ያለበትን ፈልጊ፣ ቋንቋ እዚያ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ በራሱ ፊደል ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ሠራ። ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ 4ኬ ይላል ምስሉ ግን ብዥ ይላል አለች። 4ኬ ይቀበላል ማለት 4ኬ ያሳያል ማለት አይደለም፤ የገባውን አሳንሶ በራሱ ፒክስል ነው የሚያወጣው። ስትገዙ ኔቲቭ የሚለውን ቁጥር ጠይቁ።

መልስ 25

ላፕቶፑ በደንብ ይሠራል፣ ሪሲቨሩ ግን በኤችዲኤምአይ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው የሚል ሰው መጣ። ድሮ የተሠራ ማሽን ነው። ጠጋኙ አንዳንድ ሪሲቨር የቅጂ መከላከያ እንዳለውና፣ ይህን የማያውቅ አሮጌ ፕሮጀክተር ምስሉ እንደሚከለከል ነገረው። በሜኑ አይፈታም። ሪሲቨሩ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መውጫ ካለው በእሱ ይሞክር፤ ምስሉ ጥራቱ ይወርዳል፣ ግን ይታያል።

መልስ 26

የኳስ ቤቱ ልጅ ተመለሰ። ማጣሪያውን ከፍቷል፤ የወጣውን አቧራ በእጁ ይዞ ፎቶ ለጥፏል፣ መዳፉን ሞልቶታል። ሃይ አልቲትዩዱንም አብርቷል። የቅዳሜው ጨዋታ እስከ መጨረሻው ፊሽካ አልተቋረጠም። ጩኸቱን በተመለከተ፣ ድምፁን ከማሽኑ ስፒከር ወደ ትልቁ ስፒከር ስላዞረው ማራገቢያው አይሰማም፤ ደንበኛውም ከማራገቢያ በላይ ይጮኻል። ተማሪውን ይቅርታ አልጠየቀም። ግን መልስ 13 ላይ ላይክ አድርጓል፤ አይቻለሁ።

ማጣሪያው ነው ያዳነው ወይስ ሞዱ በሚለው ጠጋኙና ተማሪው እንደገና ተያያዙ። መልስ 27፣ 28፣ 29 እና 30 እሱ ነው።

መልስ 31

መምህሩ በመጨረሻ ብቅ አለ። ኤቪ ሚዩቱን ይዞ ዜና አንባቢውን በእግሩ አቁሞታል። ሁለት ገመድ ሰክቷል፤ ዴስክ መደራረብ ቀርቷል። አሁን የገጠመው ማሽኑ ላይ ያሉት ቁልፎች አለመታዘዛቸው ነው፤ ሲጫን የመቆለፊያ ምልክት ይመጣል፤ ሪሞቱ ግን ይሠራል። መልስ 2ን የጻፈው ሰው መለሰለት፤ የማሽኑ ፓነል ተቆልፏል፤ ኤፕሰን ከሆነ ማሽኑ ላይ ያለውን ኢንተር 7 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው፤ ሪሞቱ የሚሠራ ከሆነም ከሜኑው መክፈት ይቻላል።

የከፍታውን ሞድ የት ነው የማገኘው ብሎም ጠየቀ። ተማሪው ኤፕሰኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ኤክስቴንድድ፣ ከዚያ ኦፕሬሽን ውስጥ እንዳለ ጻፈ፤ ሌሎቹ ላይ ሲስተም ወይም ሴቲንግ ሥር ይፈለግ።

መልስ 32

የኮምቦልቻዋ መምህርት ናት። ታዲያ አሁንም ለተማሪ ሪሞት አይሰጥም? ብላ ብቻ ጠየቀችው። መምህሩ ሁለት ልጆች መርጦ እንዳሠለጠነ፣ ሌላው ግን እንደማይነካ መለሰ። እሷ ሁለት ልጅ የሚያውቀው አዳራሽ፣ ሁለቱ የቀሩ ቀን ይዘጋል አለች። ሶርሱንና የቁልፎቹን ሥራ በአማርኛ ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ። መምህሩ አስብበታለሁ አለ፤ መምህር ሲያስብበት መቼም ታውቃላችሁ።

መልስ 33

ክሩን ከላይ ያላነበበ ሰው ነው። ፕሮጀክተሩ ስንት ብር ነው፣ ደሴ ታደርሳላችሁ ወይ፣ ዋጋ ቀንሱ አለ። ጠጋኙ ኢንቦክስ ና ብሎታል።